አራት ቪዛ ለአንዲት ከተማ

ሥራዬን የተውኩት በስልሳ ስድስት ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ሰቆጣ ገበያ ላይ «ትርንጎ የት ናት?» ብሎ የጠየቀ ሰው «የቷ ትርንጎ? ወስዳ መላሿ?» ይባል ነበር። የዋግን ተሳላሚዎች ኢየሩሳሌም አድርሶ መመለስ ነበር ሥራዬ። ደመወዝ የለው፣ ጡረታ የለው። ተሳላሚዎቹ የመንገዴን ይችሉልኛል፤ በተረፈው ጊዜ ጥጥ እየነገድኩ ኖሬያለሁ። ቢሆንም ሥራ ነበር፣ ጥበብ ያለው ሥራ፤ እኔም በደንብ እችለው ነበር።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። ፓስፖርታችን በእጅ ሲይዙት ያምራል፣ ግርማ አለው። ብቻውን ግን የትም አያስገባም። ከሃምሳ ዘጠኙ የዓረብና የእስራኤል ጦርነት በፊት አሮጌዋ ኢየሩሳሌም በዮርዳኖስ መንግሥት እጅ ነበረች። እኛ ከምጽዋ በመርከብ ስዊዝ እንወርዳለን። በካይሮ በኩል እስክንድርያ ደርሰን በሌላ መርከብ ቤይሩት፣ ከዚያ በመኪና ደማስቆ፣ አማን፣ ከአማን ኢየሩሳሌም። የግብፅ፣ የሊባኖስ፣ የሶርያ፣ የዮርዳኖስ እያልን ለአንዲት ከተማ አራት ቪዛ እንለምን ነበር። አንዱ ከጎደለ ሦስቱ ከንቱ ናቸው። ከገዛ አገራችን ለመውጣት የሚጠየቀውን ፈቃድ ሳልቆጥር ነው።

የተወለድኩት ሰቆጣ፣ ከቄስ ቤት ነው። አባቴ ወንድሞቼን ሲያስተምሩ እኔ አጠገባቸው ጥጥ እፈትል ነበር፤ ፊደሉን እዚያው ያዝኩት። አባቴም አዩና አልከለከሉኝም። ካገባሁ በኋላ ባሌ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ አስመራ ስለገባ ተከተልኩት። እዚያ ከአንድ የመናዊ ጨርቅ ነጋዴ ቤት ወጥ ቤት ሆኜ ብዙ ዓመት ሠራሁ። የነጋዴው ሚስት ከእኔ በቀር የምታወራው ሰው አልነበራትም፤ ዓረብኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ባሌ ሲሞትብኝ አገሬ ተመለስኩ። የእናቴን አገውኛ፣ የአባቴን አማርኛ፣ የጎረቤቶቼን ትግርኛና የዚያችን ሴት ዓረብኛ ይዤ ጥጥ መሸጥ ጀመርኩ።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት ቀጭን መነኩሲት መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ዓረብኛ ታውቂያለሽ አሉ።»

«ትንሽ፣ እማሆይ።»

«ትንሽ ከሆነ ይቅር።» ዞረው መሄድ ጀመሩ።

«ኧረ በደንብ አውቃለሁ!» አልኩ ደንግጬ።

«አዎ፣ እንዲህ በይ። የቆንስላ መስኮት ፊት ቆሞ ትሕትና የሚያበዛ ሰው ‹ነገ ተመለስ› ነው የሚባለው።»

እማሆይ ወለተ ሐና ይባላሉ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ኢየሩሳሌም የሄዱት ከጠላት ወረራ በፊት፣ በሱዳን በኩል፣ በእግራቸው ነው። ያኔ ወረቀት የሚባል ነገር አልያዙም። ወረቀት ከመጣ በኋላ ግን እንደሌሎቹ አረጋውያን አላማረሩም። «ዱሮ የሚያስቆመን ሽፍታ ነበር፤ ዛሬ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊ ይሻላል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ይወጣል» ይሉ ነበር።

ልማዶቻቸው ዛሬም እጄ ላይ ናቸው። ቢሮ ሳይከፈት ይደርሳሉ፣ ግን በሩ ሥር አይቆሙም፤ ጸሐፊው ሲገባ ከሚያያቸው ቦታ ይቀመጣሉ። ጉዳያቸውን ከመናገራቸው በፊት የሰውየውን እናት ጤና ይጠይቃሉ። ሹም ፊት አያለቅሱም፣ ሌላውንም አያስለቅሱም። ፓስፖርት ሲመለስላቸው ከመስኮቱ ፈቀቅ ሳይሉ ገልጠው ያያሉ። ማንበብ ስለማይችሉ እኔ አነብላቸዋለሁ፤ ማኅተሙን ግን ራሳቸው በጣታቸው ይዳስሱታል። የሁሉንም ፓስፖርት በመንገድ ላይ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። የመጽሐፍ ማኅደር ውስጥ ከተው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ድንበር ሲቃረብ ግን አውጥተው ለየባለቤቱ ያድላሉ። አንድ ጊዜ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ሁሉንም ሰብስቤ ለሹሙ ልሰጥ ስል እጄን ያዙኝ።

«ሰው ናቸው እንጂ የሚነዳ ከብት ናቸው እንዴ? እያንዳንዱ በእጁ ይስጥ፣ በእጁ ይቀበል።»

ከአምደወርቅ፣ ከጋዝጊብላ፣ አንዳንዴም ከሰሃላ የሚመጡትን ተሳላሚዎች ከመንገዱ በፊት ሰቆጣ ሰብስበን እናለማምዳቸዋለን። እማሆይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የድንበር ሹም ይሆናሉ።

«ስምህ ማነው?»

«በላይ» ይላል ገበሬው። ትንሽ ያስብና «ወልደ ሚካኤል» ብሎ ይጨምራል።

«ሁለት ሰው ናችሁ?»

«የለም እማሆይ፣ በላይ የቤቱ ነው፤ ወልደ ሚካኤል የክርስትናው።»

«ፓስፖርቱ የሚያውቀው በላይን ነው። ወልደ ሚካኤልን ጎልጎታ ስትደርስ ታወጣዋለህ።»

ቀጥሎ ወደ አንዲት ባልቴት ይዞራሉ። «አንቺስ ለምን ትሄጃለሽ?»

«ልሞት» አሉ ባልቴቲቱ ሳያቅማሙ።

የሳቀ ሰው አልነበረም። በእኛ አገር ኢየሩሳሌም መቀበር ትልቅ ዕድል ነው፤ ብዙዎቹ ሽማግሎች በልባቸው የሚይዙት ይህንኑ ነው። እማሆይም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መለሱላቸው። «ቪዛ የሚሰጥ ሰው የሚፈራው ሁለት ዓይነት እንግዳ ነው፤ የሚቀረውንና የሚሞተውን። አንቺ በአንድ ቃል ሁለቱንም ነገርሽው። ‹ልሳለም› በይ። ሞቱን ለእግዚአብሔር ተዪለት፤ እሱ ቪዛ አይጠይቅም።»

ከቃሉ ይልቅ የሚከብደው የቀን ነገር ነበር። ቪዛ የሚቆጠረው በፈረንጅ ቀን ነው፤ ያውም ከተጻፈበት ዕለት ጀምሮ እንጂ ከደረሱበት ዕለት አይደለም። ሁሉንም ቪዛ አዲስ አበባ አውጥቶ በደስታ የተነሣ ሰው ምጽዋ ላይ መርከብ ሲዘገይበት የመጨረሻው በር ሳይደርስ የቪዛው ቀን አልፎ ይቃጠልበታል። ስለዚህ የሩቁን በር ቪዛ መጨረሻ እናወጣለን፤ የግብፅንና የሊባኖስን ከአዲስ አበባ፣ የሶርያንና የዮርዳኖስን ካይሮ ደርሰን። በዓለ ትንሣኤን፣ የመርከቡን ቀንና የአራቱን ቪዛ ቀን አስማምቶ መነሻውን መቁረጥ የእኔ ሥራ ሆነ። ስለማነብ ነው። ያንን ቀን ስቼው አላውቅም፤ ዛሬም ይህን ስጽፍ ደስ ይለኛል።

እማሆይ እግራቸው ሲደክም አንድ የመጨረሻ ጉዞ አብረን ሄድን። ጎልጎታ ላይ ሰግደው ሲነሡ «እዚሁ ቢቀሩስ? እዚህ ያሉት መነኮሳት ደስ ይላቸዋል» አልኳቸው። ፍላጎታቸው እዚያ መቀበር እንደሆነ አውቅ ነበር።

«እኔ ቀርቼ?» አሉ። «‹ከዋግ የመጣ ሁሉ ይመለሳል› ብለው ነው በር የሚከፍቱልን። መሪዋ ከቀረች የከርሞዎቹ ምን ይባላሉ?»

ተመለሱ። በሁለተኛው ክረምት ሰቆጣ አረፉ፤ እዚያው ተቀበሩ። ወስዳ መላሽ የሚለው ስም ከዚያ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

ብቻዬን መምራት ከጀመርኩ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው አቶ ኃይሉና ወይዘሮ ታንጉት ከጋዝጊብላ የመጡት። ደልደል ያሉ ገበሬዎች ናቸው። ስለቱ የታንጉት ነበር። አንዲት ልጇ ታማ ከሞት ስትተርፍላት፣ በእጇ ፈትላ መጋረጃ አሠርታ ለኢየሩሳሌም ልታደርስ ተስላለች። ፈትሉ ዓመታት ፈጀ። መጋረጃው ሲያልቅ ባሏ «ብቻሽን አልሰድሽም» ብሎ አብሮ ተነሣ።

በዚያ ጊዜ ሚስት በባሏ ፓስፖርት ላይ ትገባ ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው አንድ ፎቶ ይነሣሉ፣ ፓስፖርቱ በእሱ ስም ይጻፋል፣ እሷ «ባለቤቱ» ተብላ ትሰፍራለች። ጸሐፊዎቹ ይህን ይወዱታል፤ ለእኛም ድካሙን በግማሽ ይቀንሳል። ስንቱን ባልና ሚስት እንዲህ ወስጄ መልሼ ነበር። ታንጉትንም እንዲሁ አደረግኩ።

ስዊዝ ስንደርስ አቶ ኃይሉን ትኩሳት ጣለው። ሆስፒታል አስገባነው። ሐኪሙ «ይህ ሰው ከዚህ አይንቀሳቀስም» አለኝ። ቪዛዎቹ ደግሞ አይጠብቁም፤ የትንሣኤው በዓልም እየቀረበ ነው። አቶ ኃይሉ አልጋው ላይ እንደተኛ ፓስፖርቱን ከትራሱ ሥር አወጣና ለሚስቱ ሰጣት።

«ሂጂ። ስለቱ ያንቺ ነው። እኔ የመጣሁት ልሸኝሽ ነው፤ ይኸው እዚህ ድረስ ሸኘሁሽ።»

«ጥዬህ?»

«ስትመለሺ ታገኚኛለሽ። ይልቅ መርከቡ እንዳያመልጥሽ።»

እኔም ይሆናል አልኩ። ፎቶዋ ፓስፖርቱ ላይ አለ፣ የሊባኖሱ ቪዛ ተመቷል፣ ለቀሩትም ቋንቋው አለኝ። አፌን አምኜ ነው ይዣት የሄድኩት።

ቤይሩት ወደብ ላይ የነበረው ሹም ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ ባለጌም አልነበረም። ፓስፖርቱን ገለጠ፣ ፎቶውን አየ፣ ታንጉትን አየ።

«ሰውየው የት አለ?»

«ስዊዝ ታሞ ቀረ። ሚስቱ ናት፤ ፎቶዋ ይኸው።»

«አየሁት። ቪዛው የተሰጠው ለእሱ ነው። እሷ የምትገባው አብራው ከሆነች ነው። እሱ ካልመጣ እሷን የማስገባበት ሕግ የለኝም።»

የእናቱን ጤና ጠየቅኩት። ሞታለች አለኝ። ስለ ስለቱ፣ ስለ ልጅቷ፣ ስለ መጋረጃው ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «ልጽፍልሽ እችላለሁ፣ ግን መልሱ ከበላይ እስኪመጣ መርከቡ ይሄዳል፤ እሷም መርከቡ ላይ መቆየት አለባት» አለኝ። እውነቱን ነው። መርከቡ የዚያኑ ዕለት ወደ እስክንድርያ ይመለሳል።

ታንጉት ዓረብኛ አትሰማም። «ምን አለሽ?» አለችኝ በአገውኛ። ነገርኳት።

ወደ ከተማው አየች። ቤቶቹ ቅርብ ናቸው፤ ሰገነት ላይ የተሰጣ ልብስ ይታያል።

«ኢየሩሳሌም ከዚህ ሩቅ ነው?»

«አይደለም። በመኪና ነው።»

የተሸከመችውን ጥቅል አወረደችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከባድ ነበር። ዞራ የመርከቡን ደረጃ መውጣት ጀመረች።

ከእሷ ጋር መመለስ እችል ነበር። ግን የቀሩት ተሳላሚዎች ወደቡ ላይ ፓስፖርታቸውን በእጃቸው ይዘው ይጠብቁኛል። አንዳቸውም ቋንቋ አያውቁም፤ የሶርያ ቪዛቸው ደግሞ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። መርከቡ ላይ ሮጬ ወጣሁና አንዱን መኮንን ለመንኩት። «እስክንድርያ ስትደርሱ ባሏ ስዊዝ ሆስፒታል መሆኑን ንገሩላት» አልኩት። የግብፁ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነበር፣ የመመለሻውን አዲስ የምናወጣው በኋላ ነው፤ እሷ ደግሞ ገብታ ወጥታበታለች። ይህ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወርጄ ሌሎቹን ይዤ ሄድኩ።

መጋረጃውን ኢየሩሳሌም ያሉት መነኮሳቶቻችን በደስታ ተቀብለው በጸሎት ቤታቸው ሰቀሉት። እኔ በዚያ ዓመት ምን እንደጸለይኩ አላስታውስም።

ስንመለስ ስዊዝ ላይ ከአንድ የኮፕት ቤተሰብ ቤት አገኘኋት። ፀጉሯን ተላጭታለች። እስክንድርያ ወደብ ላይ ነገሩ እስኪጣራ አቆይተዋታል፤ ፈቃዱ መጥቶ ስዊዝ ስትደርስ አቶ ኃይሉ ተቀብሮ ነበር። ለመመለሻዋ ከቆንስላችን አንድ ብጣሽ ወረቀት ተሰጥቷታል። ፊቷ ተቀመጥኩ።

«ሰቀላችሁት?» አለች።

«ተሰቅሏል።»

«ያምራል?»

«በጣም ያምራል፣ ታንጉት።»

«እኔ ግን አላየሁትም።» ቀጥላም «የኃይሉን ስም እዚህ ሆስፒታሉም ወደቡም ያውቀዋል። የኔን የጠየቀኝ የለም» አለችኝ።

ሰቆጣ ከተመለስኩ በኋላ ያን ዓመት ሙሉ ጥጤን ስሸጥ ከረምኩ። ሰዎች «ዘንድሮስ?» ሲሉኝ ሚዛኔን አነሣ ነበር። በኋላ ግን እማሆይ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር ብዬ አሰብኩ። ተቀምጠው አያለቅሱም ነበር። ሥራውን ቀጠልኩ፣ አንድ ሕግ ጨምሬ፤ ከእንግዲህ ሴት በራሷ ፓስፖርት ካልሆነ ከእኔ ጋር አትሄድም። ባሎች አጉረመረሙ። «ምን ቆርጧት ነው በስሟ የምታወጣው?» የሚሉ ነበሩ። «እርስዎ መንገድ ላይ ቢታመሙስ?» እላቸዋለሁ። የአቶ ኃይሉን ነገር ዋግ ሁሉ ሰምቶት ስለነበር ከዚያ በላይ የሚከራከር አልነበረም። ጸሐፊዎቹም መጀመሪያ ሥራ አበዛሽብን አሉ፤ ኋላ ለመዱት።

ታንጉት ከሁለት ዓመት በኋላ ከጋዝጊብላ በእግሯ መጣች። «በስሜ አውጪልኝ» ብቻ ነው ያለችው።

የድጋፍ ደብዳቤ ለማግኘት አውራጃው ጽሕፈት ቤት አብረን ገባን። አዲስ የተሾመ ጸሐፊ ነበር፤ የእኔንም ሥራ ገና አላወቀም።

«ባልሽ የታለ?» አላት።

«ስዊዝ ነው።»

«እንግዲያው ይምጣና ፈቃዱን ይስጥ።»

«እርስዎ ከቻሉ ያስነሡት» አለች ታንጉት።

ጸሐፊው ወደ እኔ ዞረ። ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ፣ ተነሥቶ ቆመና «እግዜር ያጽናሽ እናቴ፣ አላወቅሁም» አላት። ያኑ ዕለት ደብዳቤው ተፈርሞልን ወጣን። ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ።

ፓስፖርቷ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የሃምሳ ዘጠኙ ጦርነት ተነሣ። ሲያልቅ አሮጌዋ ኢየሩሳሌም በእስራኤል እጅ ነበረች። ዕድሜዬን በሙሉ የተማርኳቸው አራት በሮች ባንድ ጊዜ ተዘግተው በምትካቸው አንድ ተከፈተ። አንድ ቪዛ፣ አንድ አውሮፕላን። የእስራኤል ማኅተም ያረፈበት ፓስፖርት ደግሞ ወደ ዓረብ አገሮች መግባት ስለማይችል የድሮው መንገድ ለእኛ አበቃ። ብዙ የማውቀው ነገር በአንድ ክረምት አሮጌ ሆነ። ሌላውን ተማርኩ፤ አልከበደኝም።

ታንጉት አውሮፕላኑ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። ስንወርድ የመግቢያው ሹም እንደተለመደው ጥያቄውን ወደ እኔ ወረወረ፤ መሪ ያለበትን ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። እሷ ግን ቀደመችኝ። ፓስፖርቷን በሁለት እጇ አቀረበችና ስሟን፣ የአባቷንና የአያቷን ስም፣ እንደተጻፈው፣ ጮክ ብላ ተናገረች። ሹሙ ፎቶውን አይቶ ማኅተሙን መታ።

ጸሎት ቤቱ ስንገባ መጋረጃው በቦታው ነበር። በእጥበት ሳስቷል፤ ከግርጌው ተቀዷል። ታንጉት ቀርባ በጣቶቿ ዳሰሰችው፤ አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«እዚህ ጋ ክሩ ወፍሯል፤ ታያለሽ? ልጄ እንደገና የታመመችብኝ ጊዜ ነው። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

መርፌና ክር እንዲሰጧት መነኮሳቱን ጠየቀች። መሬት ላይ ተቀምጣ የተቀደደውን ሰፍታ እስክትጨርስ በር ላይ ጠበቅኋት። ስትወጣ ርቦኛል አለችኝ፤ ሄደን በላን።

ከዚያ በኋላ ጥቂት መልካም ዓመታት ሠራሁ። በስልሳ ስድስት መንግሥታችን ከእስራኤል ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋረጠ። ቪዛ የሚሰጠን አልተገኘም። ዋግም ዝናብ አጥቶ ለጉዞ የተጠራቀመው ሁሉ እህል ተገዝቶበት ነበር። ከዚያ አብዮቱ መጣ። ቤቴ ውስጥ ተዘጋጅተው ቪዛ የሚጠብቁ ፓስፖርቶች ነበሩ። ለየባለቤቱ በእጁ ልሰጥ ተነሣሁ።

የመጨረሻው የአባባ ወረታ ነበር። ደሃና በሚባለው ወረዳ፣ አምደወርቅ አጠገብ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዘመናቸውን ሙሉ ከአገራቸው ወጥተው አያውቁም። ከሳ ብለዋል፤ በሬያቸውን ሸጠዋል። ፓስፖርቱን ተቀብለው ገለባበጡት፤ ፎቶአቸውን አዩ።

«ኢየሩሳሌምስ ተዘጋች አልሽ። ሌላ የት ያስገባል ይኼ?»

«ያለ ቪዛ እኔ እስከማውቀው የትም አያስገባም፣ አባባ።»

«ሱዳንም?»

«ሱዳንም ቪዛ ይጠይቃል።»

«ታዲያ ምን ሥራ አለው?»

«እርስዎ ማን እንደሆኑ ይናገራል። ስምዎ፣ የአባትዎ ስም፣ የተወለዱበት አገር ተጽፎበታል።»

አባባ ወረታ ሳቁ። ያን ዓመት ሰው ሲስቅ ብዙ አልሰማሁም።

«ለዚህ ነው እንዴ አዲስ አበባ ድረስ የደከምሽው? ይህንንማ ደሃና ሁሉ ያውቀዋል» አሉና፣ ፓስፖርቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ቦታ ለቀቁልኝና «ነይ ተቀመጪ፤ ያየሽውን ሁሉ ከመጀመሪያው አውሪኝ» አሉኝ።